የኮረንት ትራንስፎርመርን ዋልታ ያለ አደጋ መፈተሽ፤ «አትክፈት» ወይስ «አትፍታ»?

በሙቀቱ ወራት የሪያድ የቀን ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሻገር፣ የአንድ ትልቅ የንግድ ሕንፃ አየር ማቀዝቀዣዎች ብቻቸውን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባሉ። ያን ያህል ኮረንት በቆጣሪ ውስጥ በቀጥታ ማሳለፍ አይመችም። ስለዚህ በዋናው ገመድ ዙሪያ የብረት ቀለበት ይደረጋል፤ በቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦም የታላቁን ኮረንት ታናሽ አምሳያ ለቆጣሪው ያቀብላል። ዕቃው የኮረንት ትራንስፎርመር ይባላል። በዓረብኛ «ሙሐዊል አት-ተያር» ነው፤ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ግን፣ የየትኛውም አገር ልጆች ቢሆኑ፣ «ሲቲ» ብለው ይጠሩታል።

ሲቲ የማይገኝበት የኤሌክትሪክ ተቋም የለም ማለት ይቻላል። ሪያድን በሚመግቡት የ380 እና የ132 ኪሎቮልት ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ በየሰፈሩ በተተከሉት የ13.8 ኪሎቮልት ሳጥኖች፣ በዲሴምበር 2024 አገልግሎት በጀመረውና 176 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሪያድ ሜትሮ የኃይል ማደያዎች ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል። በአገራችንም ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተነሥቶ ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎቮልት መስመር ያለ እርሱ አይጠበቅም፣ አይለካምም። የሳዑዲ ዓረቢያ መረብ በ60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያው በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ የሲቲ ጠባይ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ከጠባዮቹ አንዱን፣ ባለሙያዎች «ፖላሪቲ» ዓረቦች «ቁጥቢያ» የሚሉትን ነው። «ቁጥብ» በዓረብኛ ዋልታ ማለት በመሆኑ፣ በአማርኛ ዋልታ ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

አንድ ሲቲ 400/5 የሚል ጽሑፍ ቢኖረው፣ በዋናው ገመድ 400 አምፔር ሲያልፍ በቀጭኑ ሽቦ 5 አምፔር ይወጣል ማለት ነው። ዋናው ገመድ በቀለበቱ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ካለፈ፣ ቀጭኑ ሽቦ 80 ዙር ይጠመጠማል። 400 በ1 ሲባዛ 400፣ 5 በ80 ሲባዛም 400 ይሆናል። የዕቃው ምሥጢር ይህ እኩልነት ነው፤ እንደ ገበያ ሚዛን ሁለት ሳሕን አለው፣ አንዱ በከበደ መጠን ሌላው ተመጣጣኙን ይጭናል። ይህን የሚዛን ምሳሌ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ አደጋው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ዋልታ የሚባለው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። የኮረንቱ መጠን ትክክል ሆኖ አቅጣጫው ሊገለበጥ ይችላል። ይህ እንዳይሆን አምራቾች በዋናው በኩል ያሉትን ሁለት ጫፎች ፒ1 እና ፒ2፣ በቀጭኑ ሽቦ በኩል ያሉትን ኤስ1 እና ኤስ2 ብለው ምልክት ያደርጉባቸዋል። በአሜሪካ ልማድ የተሠሩት ላይ ኤች1 እና ኤክስ1 ይነበባል፤ በሪያድ ከሁለቱም ወገን የመጡ ዕቃዎች ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ሁለቱንም ማወቅ ይበጃል። ስምምነቱ ቀላል ነው፦ ኮረንቱ በፒ1 በሚገባበት በዚያችው ቅጽበት፣ በቀጭኑ ሽቦ ያለው ኮረንት በኤስ1 ይወጣል። ምልክቱ ከተሳሳተ፣ ወይም ሲቲው ዞሮ ከተገጠመ፣ ወይም ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች በማያያዣው ላይ ከተቀያየሩ ስምምነቱ ይፈርሳል።

ሲፈርስ ምን ይሆናል? አስቀድመን ቆጣሪውን እንይ። ሦስት ፌዝ ያለው ሕንፃ በእያንዳንዱ ፌዝ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ሲቲ ይኖረዋል። ጭነቱ በሦስቱ እኩል ተከፍሎ ሳለ ከሦስቱ አንዱ ቢገለበጥ፣ ቆጣሪው ሁለቱን ደምሮ ሦስተኛውን ይቀንሳል። የሚያነበውም ከእውነተኛው ፍጆታ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሆናል። በወር 60,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ የንግድ ሕንፃ 20,000 ብቻ ይመዘገብለታል። በ2018 መግቢያ በወጣው የሳዑዲ ታሪፍ፣ በወር ከ6,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለው የንግድ ፍጆታ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 30 ሃላላ ይከፈልበት ስለነበር፣ በዚያ ሒሳብ ሳይመዘገብ የቀረው 40,000 የ12,000 ሪያል ዋጋ ነበረው፤ ታክሱ ሳይጨመር። ስሕተቱ ከወራት በኋላ ሲገኝ ክርክሩ በባለንብረቱና በኃይል አቅራቢው መካከል ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ ያን ቀን ካቻቢቴ ይዞ ወደ ቆመው ሠራተኛ መምጣቱ አይቀርም። አዳዲሶቹ ዘመናዊ ቆጣሪዎች የተገለበጠ ኮረንት ሲያዩ ማስጠንቀቂያ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ካለ።

ከቆጣሪው ይልቅ የሚከፋው ጥበቃው ነው። ትልልቅ ትራንስፎርመሮች የሚጠበቁት የሚገባውንና የሚወጣውን ኮረንት በሚያነጻጽር ሪሌይ ነው። በአንዱ ወገን ካለው ሲቲ 3 አምፔር፣ በሌላው ወገን ካለውም 3 አምፔር ከመጣ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ሪሌዩ ዝም ይላል። ከሁለቱ አንዱ የተገለበጠ እንደሆነ ግን መቀነሱ መደመር ይሆንና ሪሌዩ 6 አምፔር ያያል። በውስጥ ብልሽት የተፈጠረ ስለሚመስለው ብሬከሩን ይጥላል። በቀዝቃዛው ወቅት፣ ጭነቱ ትንሽ በነበረ ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው ስሕተት፣ የመጀመሪያው የሙቀት ሳምንት ሲገባና ማቀዝቀዣዎቹ ሁሉ ሲነሡ ይገለጣል፤ ሰፈሩም ኃይል በሚያስፈልገው ሰዓት ይጨልማል። የጥገናው ሥራ ጭነት በሚቀንስባቸው በቀዝቃዛዎቹ ወራት መካሄዱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለውን ስሕተት የመደበቅ ጠባይም አለው።

እንግዲህ ዋልታው በሚገባ መፈተሽ አለበት። ፈተናው ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ፈተና ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ አንድ ባትሪ ድንጋይና አንድ ባለ መርፌ መለኪያ ይበቃሉ። ይህ የዛሬ ግኝት አይደለም። ማይክል ፋራዴይ ነሐሴ መገባደጃ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 29 ቀን 1831፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በብረት ቀለበት ሁለት ወገን ሽቦ ጠምጥሞ፣ አንዱን ከባትሪ ሌላውን ከመርፌ ጋር አገናኘ። ባትሪው በተያያዘበት ቅጽበት መርፌዋ ወደ አንድ ወገን ዘለለች፤ በተያያዘበት ጊዜ ሁሉ ዝም አለች፤ በተለያየበት ቅጽበት ደግሞ ወደ ተቃራኒው ዘለለች። ዛሬ በሪያድ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚሠራው የዋልታ ፈተና ያው የፋራዴይ ሙከራ ነው፤ ያልተጨመረበትም ያልተቀነሰበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከፒ1፣ ኔጋቲቩ ከፒ2 ይገናኛል። የመለኪያው ፖዘቲቭ ከኤስ1፣ ኔጋቲቩ ከኤስ2 ይታሰራል። ባትሪው ለአንድ አፍታ ሲነካ መርፌዋ ወደ ቀኝ ከዘለለች፣ ሲለቀቅም ወደ ግራ ከተመለሰች ዋልታው ልክ ነው። በመጀመሪያው ንክኪ ወደ ግራ ከሄደች ተገልብጧል። ከ1.5 እስከ 9 ቮልት ያለው ባትሪ ለብዙዎቹ ሲቲዎች ይበቃል። መለኪያው ዜሮው በመካከል የሆነ ቢሆን የበለጠ ይመቻል። ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታል መልቲሜትር ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ ዝላይዋን ሳያያት ሊያልፍ ይችላል፤ ሠራተኛውም «ምንም የለም» ብሎ ባትሪውን ደጋግሞ መነካካት ይጀምራል።

ፈተናው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ አደጋው የት ነው? አደጋው ባትሪው ዘንድ ሳይሆን ከፈተናው በፊትና በኋላ ቀጭኑ ሽቦ በሚነካበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ የሥራዬን ገጠመኝ መጥቀስ ግድ ይለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሪያድ አንድ ተቋራጭ ከጥገናው ወቅት በፊት ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን የደኅንነት ጽሑፍ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ጠየቀኝ። ዋናው ማስጠንቀቂያ፣ መረቡ ኃይል ተሸክሞ ሳለ የሲቲውን የሁለተኛ ወገን «ዳኢራ» መክፈት ክልክል ነው የሚል ነበር። እኔም እንደ ወረደ «ዑደቱን አትክፈት» ብዬ ጻፍሁ። ረቂቁን ካሳየኋቸው መካከል በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ከወሎ የመጡ ነባር ሠራተኛ ነበሩ። አነበቡና «ወንድሜ፣ አትክፈት ካልኸኝ እኮ አታብራ ማለትህ ነው። ኃይሉ በርቶ ሳለ አታብራ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ በዚህ ወረቀት ብሄድ ሽቦውን ፈትቼ አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በአማርኛ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ውኃ ይከፈታል፤ የተከፈተ ነገር ሁሉ የሚሠራ፣ የሚፈስ ነው። የተዘጋ ነገር የቆመ፣ ስለዚህም ለመንካት የማያሰጋ ነው። በኤሌክትሪክ ሳይንስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ክፍት ዑደት የተቆረጠ፣ ዝግ ዑደት የተያያዘ ነው። የቃላቱ ዋልታ ተገልብጧል። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ሲቲን ለጥንቃቄ ሲሉ ኤስ1ን ከኤስ2 ጋር በአጭር መዳብ ማገናኘት በብዙዎቻችን ጆሮ «ኮንታክት» ነው፤ ኮንታክት ደግሞ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው። በሌላ ዕቃ ሁሉ አደጋ የሆነው በሲቲ ዘንድ መዳኛ፣ በሌላው ሁሉ መዳኛ የሆነው በሲቲ ዘንድ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ያው ሚዛን ነው። በዋናው ገመድ የሚያልፈውን ኮረንት የሚወስነው የሕንፃው ጭነት ነው እንጂ ሲቲው አይደለም፤ ቀጭኑ ሽቦ ቢፈታም ባይፈታም 400 አምፔሩ መፍሰሱን ይቀጥላል። ሽቦው ሲፈታ ከሚዛኑ አንዱ ሳሕን ተነሣ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በተቃራኒው ይያዝ የነበረው ኃይል ሁሉ ብረቱን ወደ ማግኔትነት መግፋት ይይዛል፤ ብረቱ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል፤ ኮረንቱ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር፣ በሪያድ በሰከንድ 120 ጊዜ፣ ማግኔትነቱ ከአንዱ ጽንፍ ወደ ሌላው ይወረወራል። በእያንዳንዱ ውርወራ በተፈታው ሽቦ ጫፎች መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ እንደ ሲቲው ዓይነት ብዙ ሺህ ቮልት ሊደርስ ይችላል። ሠራተኛው የያዘው «5 አምፔር» የተጻፈበት ቀጭን ሽቦ፣ በካቻቢቴ ጫፍ አንድ ብሎን የሚላላ ሽቦ ነው። የሚያስፈራ መልክ የለውም።

ጽሑፉን አረምሁት። «አትክፈት» የሚለውን አውጥቼ «ኃይል እያለ ከሲቲ የሚመጣውን ሽቦ አትፍታ፤ ብሎኑን አታላላ» አልሁ። በኋላ ሳስበው፣ የዓረብኛው «ፈተሐ» እና የእኛው «ፈታ» ከአንድ የሴም ሥር የተገኙ ቃላት ናቸው፤ በግእዙም «ፈትሐ» ሁለቱንም፣ መክፈትንም መፍታትንም ይይዛል። ትክክለኛው ቃል ከዓረብኛው ጋር በዝምድና ተቀምጦ ሳለ እኔ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሌላውን አንሥቼ ነበር። ብሎን ይፈታል እንጂ አይከፈትምና፣ ቃሉ እጅ የሚሠራውን ነገር በትክክል ይናገራል።

አሁን የፈተናው ቅደም ተከተል ትርጉም ያገኛል። ባለሙያው መጀመሪያ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ይቀበላል። በቆጣሪው በኩል የሆነ እንደሆነ፣ ማኅተሙን መቁረጥ ኃይል አቅራቢው ለፈቀደለት ብቻ የተተወ ሥራ ነው። ከዚያ ዋናው መስመር ከሁለቱም አቅጣጫ ይቋረጣል፤ ብሬከሩ በቁልፍ ይታሰራል፤ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ይገባል፤ ማንም እንዳይመልሰው ምልክት ይንጠለጠላል። መስመሩ በእርግጥ መሞቱ በቮልቴጅ መፈተሻ ይረጋገጣል፤ መፈተሻው ራሱ ደኅና መሆኑም ከዚያ በፊትና በኋላ በሚታወቅ ምንጭ ላይ ይሞከራል። የሞተ መፈተሻ የሞተውንም ያልሞተውንም መስመር እኩል «ሞቷል» ይላልና ይህችን ደረጃ መዝለል ክፉ ልማድ ነው። ቀጥሎ መስመሩ መሬት እንዲነካ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ሲቲው በሁለቱም ጎኑ፣ በፒ1ም በፒ2ም ወገን፣ መሬት የነካ እንደሆነ የባትሪው ኮረንት በቀለበቱ መሐል ከማለፍ ይልቅ በመሬቱ ገመድ አቋርጦ ይመለሳል፤ መርፌዋም አትነቃነቅም። መፍትሔው ሁለቱንም መንቀል አይደለም። ፈቃዱን የሰጠው ኃላፊ ባለበት፣ ለፈተናው ጊዜ ብቻ፣ የአንዱ ጎን ይነሣል፤ ሌላው በቦታው ይቆያል። ፈተናው ሲያበቃ የተነሣው ይመለሳል።

መስመሩ የሞተ ስለሆነ አሁን ቀጭኑን ሽቦ ከሪሌዩና ከቆጣሪው መለየት ይቻላል። ባትሪውን የሚነካው እጅ ጓንት ይልበስ፤ የመነካኪያው ገመድ ፕላስቲክ መያዣ ይኑረው። ባትሪው የ9 ቮልት ብቻ ሆኖ ሳለ ጓንት ማለት ማብዛት የሚመስለው ይኖራል፤ ነገር ግን ብዙ ዙር ያለው ሽቦ ከባትሪ ሲለያይ በቅጽበት የሚፈጥረው ግፊት ከባትሪው ቮልት እጅግ ይበልጣል፤ በተለይ ባትሪው በስሕተት በቀጭኑ ሽቦ በኩል ከታሰረ። ንክኪው አጭር ይሁን፤ ረጅም ከሆነ ብረቱን በአንድ አቅጣጫ ማግኔት ያደርገዋል። ዕቃው 2000/5 ዓይነት ከፍተኛ ንጽጽር ያለው ከሆነ ዝላይዋ በጣም ትንሽ ስለምትሆን፣ ባትሪውን ከማሳደግ ይልቅ መለኪያውን ወደ ሚሊ አምፔር ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ውጤቱ በሁለት ሰው ይታይ፤ አንዱ ይንካ፣ ሌላው መርፌዋን ይመልከት። «ነካሁ»፣ «ቀኝ»፣ «ለቀቅሁ»፣ «ግራ» መባባል ያስፈልጋል። ንክኪውና ልቀቱ ከተምታቱ ልክ የሆነው ዋልታ የተገለበጠ ይመስላል፤ ደኅና የነበረውን ሽቦም ያለ ምክንያት ሊያስቀይር ይችላል።

ሜዳ ላይ ባሉ ጣቢያዎች፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራት የተከለከለ ስለሆነ፣ ሥራው በማለዳ መጀመር ይኖርበታል። ሰዓቱ ደረሰ ተብሎ የተጣደፈ ፈተና ደግሞ ግማሹ ይረሳል።

ባትሪው በብረቱ ውስጥ የተወውን ትርፍ ማግኔትነት ማውጣትም የፈተናው ክፍል ነው። በቀጭኑ ሽቦ በኩል ተለዋዋጭ ቮልቴጅ እስኪጠግብ ድረስ ቀስ ብሎ ከፍ ይደረግና ቀስ ብሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ካልተደረገ ሲቲው በብልሽት ጊዜ፣ ከፍተኛ ኮረንት በሚመጣበት በዚያች ቅጽበት፣ ከሚገባው ቀድሞ ጠግቦ ለሪሌዩ የተዛባ ነገር ሊነግር ይችላል። የዛሬዎቹ የሲቲ መፈተሻ መሣሪያዎች ዋልታውንም፣ ንጽጽሩንም፣ ይህን ማጽዳቱንም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። እኔ ከባለሙያዎች እንደ ተረዳሁት ግን፣ መሣሪያው ያለው ሰውም ቢሆን የባትሪውን ፈተና አንድ ጊዜ በእጁ ሠርቶት ማየቱ አይከፋም።

ሽቦዎቹ ተመልሰው ከታሰሩ በኋላ እያንዳንዱ ብሎን በእጅ ይሞከራል፤ ይህ ኃይል ከመመለሱ በፊት የመጨረሻው ዕድል ነው። ኃይል ከተመለሰና ጭነት ከተሸከመ በኋላ ያለው ማረጋገጫ ምንም ሽቦ ሳይነካ፣ በገመዱ ላይ በሚቆለፍ መለኪያ ይካሄዳል፤ የሦስቱ ፌዞች ኮረንት ከየቮልቴጃቸው ጋር ያለው አንግል ይነበባል። አንዱ ከሌሎቹ በ180 ዲግሪ ተገልብጦ ከታየ ዋልታው አሁንም ስሕተት ነው፤ ማረሚያው ግን መስመሩን እንደገና ከማጥፋት በስተቀር ሌላ መንገድ የለውም። አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ፦ ለጥንቃቄ ኤስ1ን ከኤስ2 ጋር ያገናኘችው ትንሽ መዳብ በቦታዋ ከቀረች ሰው አትጎዳም፣ እሳትም አታስነሣም፤ ነገር ግን ኮረንቱ ሁሉ በእርሷ ስለሚዞር ቆጣሪው ዜሮ ያነብባል፣ ሪሌዩም መስመሩን እየጠበቀ ምንም አያይም። ስለዚህ የመዳቧ መነሣት በፈተናው ቅጽ ላይ በራሱ መስመር፣ ከሰዓቱና ከፈራሚው ጋር ይጻፋል።